ፉከራና ራፕ፦ ማሲንቆ ከመደረብ ያለፈ መንገድ አለ?

የሳሪሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ ራፕ እሠራለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አብዛኛውን በስልኬ ነው የምቀዳው። የዛሬ ወር ሰፈራችን የወጣቶች መድረክ አለ፣ ሁለት ሥራ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። አዘጋጆቹ «ባህል ያለበት ይሁን» አሉኝ። ጓደኞቼን ሳማክር ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉኝ፦ የሐበሻ ቀሚስ ልበሺ፣ ከቢቱ ሥር ማሲንቆ አስገቢበት፣ አለቀ። እኔን ግን አልዋጥ አለኝ። አተነፋፈሱም፣ አጣጣሉም፣ ሁሉም ነገር ከዩቲዩብ የለመድኩት ሆኖ ማሲንቆ ብቻ ቢጨመርበት፣ እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ላይ ጣል እንደሚደረግ ጥልፍ ሆኖ ታየኝ።

ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ባለፈው ገና ደብረ ታቦር አያቶቼ ጋ ነበርኩ። ከራት በኋላ የአጎቴ ልጆች «በይ አሰሚን» ብለው ያዙኝ። መብራት ጠፍቷል፣ ቢት የለም፣ በባዶው ጀመርኩ። አያቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ «ይሄማ ፉከራ ነው» አሉ። ገና ደስ ሊለኝ ሲል «ግን ተቀባይ የለሽም፣ ብቻሽን ነው የምትጮኺው» ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ተነሡ። 80 ዓመት አልፏቸዋል፣ ዱላቸውን እንደ ጦር ያዙና «ዘራፍ!» ሲሉ ቤቱ ተናወጠ። አባታቸውን ጠሩ፣ የተወለዱበትን ወንዝ ጠሩ፣ አንድ መስመር በጨረሱ ቁጥር አጎቶቼ «በለው!» እያሉ ከሥር ያነሷቸዋል። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ማይክ ይዤ የምለፋው እሳቸው በአንድ ትንፋሽ አደረጉት።

እና ጥያቄዬ፦ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሂፕሆፕን ከራሳቸው ነገር ጋር እንዴት ነው ያዋሃዱት? ከልብሱና ከመሣሪያው ያለፈ ማለቴ ነው። ደግሞስ ሴት ልጅ ፉከራ ብትይዝ ያምርባታል ወይስ ሰው ግር ይለዋል? ካቀድኳቸው ሁለት ሥራዎች አንዱ የፉከራ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ግን በባሕር አድርጋ ወደ የመን ስትሻገር ስለቀረች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። እሱን እንዴት አድርጌ እንደምይዘው ጨርሶ ጠፍቶኛል።

ዳካር_ደርሶ_መልስ፦

እህቴ፣ አያትሽ ያሏት ነገር ወርቅ ናት። እኔ ለሥራ ሦስት ዓመት ሴኔጋል፣ ዳካር ኖሬያለሁ፣ እሷኑ ነገር እዚያ በዓይኔ አይቻታለሁ።

እዚያ ያሉት የወሎፍ ሕዝቦች ታሱ የሚሉት ነገር አላቸው። ሠርግ ላይ ወይም ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ስም ሲወጣለት ሴቶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ሳባር የሚባለው ከበሮ ይመታል። አንዷ ወደ መሃል ትገባና ቤት የሚመታ ግጥም በፍጥነት ታወርዳለች። ዜማ የለውም፣ ንግግር ነው፣ ግን ምቱን አይለቅም። የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ስም ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ሰማያዊ ሰፊ ቀሚስ የለበሱ እናት ሁለት መስመር ጣሉና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከበሮ መቺው መለሰላቸው። እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ነው ሦስተኛውን መስመር ያነሱት። ያቺ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ስለዚህ ራፕ ዳካር ሲገባ ሰው እንግዳ አልሆነበትም። በ1989 ዲዲየ አዋዲና ደጊ ቲ የተባሉ ልጆች ፖዚቲቭ ብላክ ሶልን መሠረቱ። ከዚያ በፊት በተፎካካሪ ቡድኖች ውስጥ የነበሩ ናቸው። በፈረንሳይኛም በእንግሊዝኛም በወሎፍም ይሉት ነበር። ቀጥሎ የመጡት ወደ ወሎፉ ይበልጥ ጠለቁ። ዳራ ጄ የሚባሉት በ2003 «ቡመራንግ» የሚል አልበም አወጡ። ሐሳቡ፣ ራፕ አፍሪካ ተወልዶ አሜሪካ አድጎ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ ነው። ዳራ ማለት የቁርኣን ትምህርት ቤት ነው፣ እኛ የቄስ ትምህርት ቤት እንደምንለው። ስማቸውን ከየት እንዳመጡት ተመልከቺ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እዚያ ገወል የሚባሉ አሉ፣ ፈረንሳዮቹ ግሪዮ የሚሏቸው። ሙያው በዘር ይወረሳል። የትውልድ ሐረግ ይቆጥራሉ፣ ባለጠጋን ያወድሳሉ፣ ይሸለማሉ። ሰው ያለ እነሱ ሠርግ አይደግስም፣ ግን ልጁን አይድርላቸውም። የኛን አዝማሪ አስቢው፣ ሐዘኑ አንድ ነው። ራፐሮቹ የገወልን አንደበት ወሰዱና ሽልማቱን አንፈልግም አሉ። ገንዘብ ላለው ያልሆነ ውዳሴ፣ ሥልጣን ላለው ያልተቀባባ ቃል። በ2011 ካዎላክ ከምትባል ከተማ የመጡት ኬር ጊ ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው «ያናማር» የሚል እንቅስቃሴ ጀመሩ፣ በቃን እንደማለት ነው። ወጣቱ የምርጫ ካርድ እንዲያወጣ ለቀሰቀሱበት ዘመቻ የሰጡት ስም በወሎፍ «መሣሪያህን ከዋዜማው ስለህ እደር» የሚል ነው። ካርዱን እንደ ጦር አዩት። በ2012 ፕሬዝዳንት ዋድ በምርጫ ተሸነፉ። እንግዲህ ይሄ ነው ውህደት የምለው። የአባቶች አነጋገር ለዛሬ ነገር ሥራ ሲሠራ።

ያንቺን ነገር በተመለከተ ማሲንቆውን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ተቀባይ ፈልጊ።

ባለ_ቢቱ፦

ዳካር እውነት ብሏል፣ እኔ ግን ማሲንቆውን ተዪው በሚለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቢት ስለምሠራ ከድምፁ በኩል ልምጣ።

ማሲንቆ ቆርጦ ሉፕ አድርጎ መለጠፍ ቀላል ነው። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሲሰማ ግን ይጣላል። አንደኛው ችግር ምቱ ነው። ችክችካ ሦስት ሦስት እየቆጠረ በ6/8 ነው የሚሄደው፣ ሂፕሆፕ አራት አራት እየቆጠረ በ4/4። ሁለቱን በግድ ስታጋቢያቸው አንዱ ያነክሳል። መፍትሔው ከእጃችን አልራቀም። ትራፕ የሚባለውን የራፕ ዓይነት የሚሠሩ ልጆች ቃሉን ሦስት ሦስት አድርገው ሲወረውሩ ሰምተሻል አይደል? እሱ አጣጣል ችክችካ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ከበሮውን በራሱ ምት ተዪው፣ አንቺ አፍሽን በሦስት ክፈይው። አንድ ቀን ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ልጅ ሳያስበው እንዲህ ሲል ሁላችንም ከወንበራችን ተነሣን፣ አንዱማ ትከሻው ብቻውን ይሄድ ነበር። ሁለተኛው ችግር ቅኝቱ ነው። ትዝታ ላይ ኮርድ ብትደርቢ ይሸከምሻል። አንቺሆዬ ላይ ግን የፒያኖ ኮርድ ስትጭኚበት ይጎረብጣል፣ ባዶውን ብትተዪው ይሻላል።

ቴዲ ዮ ጉራጌቶን ሲል ሰው ለምን ቶሎ ተቀበለው? ምቱን እግራችን ከሠርግ ያውቀዋል። ቃሉ ሳይገባህ ሰውነትህ ይቀድማል።

ሌላው፣ እባካችሁ ራፐሮች፣ ማጥበቅና ማላላት! ቃሉን እንግሊዝኛ ለማስመሰል ስትጎትቱት የሚጠብቀው ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል፣ ግጥሙ ይሞታል። አማርኛ ላይ ግሡ መጨረሻ ስለሚመጣ ቤት መምታት ቀላል ነው። «መጣ፣ ወጣ፣ ቀጣ» እያሉ እስከ ማታ መሄድ ይቻላል። ቀላል ስለሆነ ነው አባቶች ሰምና ወርቅ የጨመሩበት። ለምሳሌ ይህችን አሁን ነው የጻፍኳት፦

መርካቶ ወረድኩኝ፣ ጠየቅኩኝ ወርቅ አለ፤
ባለሱቁ ሳቀ፣ ሰም ነው ያለኝ አለ።

የመጀመሪያው «አለ» ይጠብቃል፣ የመጨረሻው ይላላል። «ያለኝ»ን ብታጠብቂው ሰውዬው ያለው ዕቃ ሰም ብቻ ነው። ብታላሊው የነገረሽ ነገር ራሱ ሰም ነው፣ ወርቁን ፈልጊ ነው። በአንድ ፊደል ሁለት መንገድ። ደግሞ ቁጠሪው፣ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም፣ የወል ቤት ነው። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ተሠርቶ ተቀምጧል። እሱን አጣጣል ከያዝሽው ማሲንቆው ቢገባም ቤቱ ነው፣ ባይገባም ቤቱ ነው።

ሌጎን_የተማርኩ፦

ጋና ስለተማርኩ የሂፕላይፍን ነገር ልጨምር። ሬጂ ሮክስቶን በ1990ዎቹ አጋማሽ ከለንደን ወደ አክራ ተመልሶ በትዊ ቋንቋ ራፕ ማድረግ ሲጀምር፣ ከሥር ሃይላይፍ የሚባለውን የድሮ የጋና ሙዚቃ አስገባበት። ሂፕሆፕና ሃይላይፍ ተጋብተው ሂፕላይፍ ተባለ። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የተከታዮቹ ስም ነው። አቺያሜ የሚባል ቡድን ነበር። አቺያሜ ማለት የንጉሥ አፈ ጉባኤዎች ማለት ነው። ትዊ ተናጋሪዎቹ አካኖች ዘንድ ንጉሡ ለሕዝብ በቀጥታ አይናገርም፣ ቃሉን አፈ ጉባኤው ተቀብሎ አሳምሮ ነው የሚያደርሰው። ኦብራፎር የሚባለው ራፐር ደግሞ ስሙን የወሰደው ከአሻንቲ ቤተ መንግሥት ሰይፈኞች ነው። ሰይፈኞቹ አንገት መቁረጥ ብቻ አልነበረም ሥራቸው፣ ንጉሡ ፊት ቆመው የውዳሴ ግጥም ያወርዱ ነበር። ልጁ ራፐር ነኝ ሲል የትኛውን ወንበር እንደያዘ ሰዉ ወዲያው ይገባዋል።

እኛስ? የፈረስ ስም አለን! አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ ነፍሶ። ቴዎድሮስም ምኒልክም አሉላም ባልቻም በፈረሳቸው ስም ነው የተፎከረላቸው። ራፐር ለራሱ የመድረክ ስም ሲያወጣ ያንኑ ነው የሚያደርገው፣ ግን ስማችንን ስናወጣ ወደ አትላንታ ነው የምናየው። ይሄ ያንገበግበኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ታንዛኒያ አሩሻ ውስጥ ኤክስ ፕላስታዝ የሚባሉ ነበሩ። አንደኛው አባላቸው ማሳይ ነው፣ ሹካ የሚሉትን ቀይ ጨርቅ ለብሶ፣ የማሳዮቹን ከጉሮሮ የሚወጣ ዜማ በስዋሂሊ ራፕ መሃል ያስገባ ነበር። በ2004 «ማሳይ ሂፕሆፕ» የሚል አልበም በአንድ የጀርመን አሳታሚ ወጣላቸው፣ አውሮፓን ዞሩበት። ሥራው ደስ ይለኛል፣ ዜማው እውነተኛ ነው። ግን ፖስተሩን ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፣ ይሄ ሁሉ ዶቃ ለማን ነው? ለአሩሻ ጎረቤት ነው ወይስ ለበርሊን ተመልካች? አንቺም ያንን ጠይቂ። ሳሪስ ያለ ሰው ያንቺን ቀሚስ አይቶ «ባህል አየሁ» አይልም፣ ቤቱ ያለ ነገር ነው።

አሮጌ_ሳክስ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን የልጅ ልጄ አነበበልኝና መልስ ጻፍልኝ አልኩት። በወጣትነቴ ባንድ ውስጥ እነፋ ነበር።

ማዋሃድ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ጌታቸው መኩሪያ ነፍሱን ይማረውና ሽለላን በሳክስፎን ነፋ። ሳክስፎን ከየት መጣ? ከፈረንጅ። እሱ ግን ሲነፋው ሰውየው አፍ አውጥቶ የሚፎክር ነበር የሚመስለው። ያ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚያቃትተው፣ በመጨረሻ የሚጮኸው፣ ሁሉም ከሸላዩ ጉሮሮ የተወሰደ ነው። ጎፈርና ካባ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣም ያምርበት ነበር። ልብሱ ያመረበት ድምፁ ስለቀደመ ነው። በስተርጅና ከሆላንድ ፓንክ ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ፣ በ2006 አልበምም አወጡ፣ ያኔ 70 ዓመቱ አልፎ ነበር። ሽለላውን ሳያላላ ነው አብሯቸው የሄደው። እነሱ ናቸው ወደ እሱ የመጡት።

ሴት ልጅ ትፎክራለች ወይ ላልሽው፣ ትፎክራለች። በጠላት ጊዜ የዘመቱ ሴቶች ፎክረዋል። ግን ሁለተኛው ሥራሽን ሳነብ ሌላ ነገር አሰብኩ። የሞተች ጓደኛ አለችሽ፣ አንቺ ደግሞ ፉከራ ፉከራ ትያለሽ። ልጄ፣ ሙሾስ? ሙሾ የሴቶች ነው። ሙሾ አውራጇ ወረቀት የላትም፣ አስቀድማ አትጽፍም፣ እዚያው ለቅሶው ላይ ነው የምትገጥመው። የሟቹን አባት ታውቃለች፣ ሥራውን ታውቃለች፣ የቀረውን ዕዳ ሳይቀር ታውቃለች። እናንተ ፍሪስታይል የምትሉት ይሄንኑ አይደለም እንዴ? አያትሽን ጠየቅሽ፣ ጥሩ አደረግሽ። ሴቷን አያትሽንስ ጠይቀሻል?

ናታንያ፦

ሻሎም፣ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ የኛ ልጆች ካፌ ሻሆር ሐዛቅ የሚባል ቡድን አላቸው፣ ጠንካራ ጥቁር ቡና ማለት ነው። ራፑ በዕብራይስጥ ነው፣ ስሙን ስሰማ ግን የእናቶቻችን ጀበና ነው የሚታየኝ። ልጄ አማርኛ አይናገርም። በራፕ ምክንያት ግን «አባ፣ እስክስታው እንዴት ነው፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው» እያለ መጠየቅ ጀመረ። ጋሽ ሳክስ ስለ ሙሾ ያሉትን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷ በሱዳን በኩል ሲመጡ መንገድ ላይ ለቀሩት በየዓመቱ ስም እየጠራች ታወርድ ነበር። ማንም አልቀዳትም። እባክሽ ስልክሽ እጅሽ ላይ ነውና ያያትሽን ቅጂ።

የሳሪሷ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ሳክስ፣ እርስዎ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ትናንት ደብረ ታቦር ደወልኩ። ሴቷ አያቴ በአካባቢው ሙሾ አውራጅ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ከልጅነቴ አውቃለሁ፣ ግን እሱን ከራፕ ጋር አገናኝቼ አስቤው አላውቅም ነበር። ገና ዕለት ማታ እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ሰሐን ያነሱ ነበር። ማንም «እርስዎም ያሰሙን» አላላቸውም፣ እኔም ጭምር።

መጀመሪያ እምቢ አሉ። ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም፣ ያሟርታል። እኔም አልገፋኋቸውም። «እሺ፣ ሳያወርዱ አሠራሩን ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው፣ እያወቁ ቀዳሁት። ያሉትን እንዳለ ልጻፍላችሁ፦

«መጀመሪያ ስሟን ነው የምጠራ። ሁለት ስንኝ አወርድና ዝም እላለሁ። ያኔ ሰዉ ያለቅሳል። ሰዉ ካላለቀሰ ሦስተኛውን አልጀምርም። ሲያለቅስ ደግሞ አልቸኩልም፣ ይውጣለት። ከዚያ ያደረገችውን እነግራለሁ፣ ያሰበችውን እነግራለሁ። እናቷን ሳልጠራ አልጨርስም።»

ዳካር፣ ያንተን ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ እናት አስታወሰኝ። አንድ ነው እኮ! ሁለት መስመር፣ ዝምታ፣ መልስ።

ከዚያ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። 32 መስመር ነው፣ አንድም ዕረፍት የለውም። ዝም ብለው ሰሙና «ስሟ የታለ?» አሉኝ። እውነትም የለም። ከላይ እስከ ታች «አንቺ፣ አንቺ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ስሟን የፈራሁት ይመስለኛል። አስከሬኗ ስላልመጣ ለቅሶም በደንብ አልተለቀሰላትም፣ እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ትመጣለች እያሉ አልጋዋን እንዳነጠፉ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንኩ። የሐበሻ ቀሚሱን አልለብስም፣ ጥቁር ነጠላ ነው የማደርገው፣ እሱም እሷን ስለማለቅስ ነው። ከ32ቱ መስመር 14ቱን አስቀራለሁ። ሁለት መስመር፣ ዝምታ። ለመጀመሪያው ሥራ የአጎቴ ልጆች ሁለቱ እዚህ ስላሉ «በለው» የሚሉኝ እነሱ ናቸው። ለሁለተኛው አብረውን የተማሩ አራት ልጆች ከሕዝቡ መሃል ተቀምጠው ይቀበሉኛል። ባለ ቢቱ፣ ከበሮ ብቻ ብትሠራልኝ? በጣም ቀስ ያለ፣ እኔ ዝም ስል እሱም ዝም የሚል። ማሲንቆውን መጨረሻ ላይ ብቻ፣ እናቷን ስጠራ።

ስሟን ግን ሳላስፈቅድ አልጠራም። ነገ ከሰዓት እናቷ ቤት እሄዳለሁ። እምቢ ካሉኝ ይቀራል፣ አንደኛውን ብቻ ነው የማቀርበው። ቡና ይዤ ነው የምሄደው።

ባለ_ቢቱ፦

ከበሮው ዛሬ ማታ ይደርስሻል። ዝምታውን ስንት ምት ላድርገው?

የሳሪሷ፦

አትቁጠረው። ሰዉ እስኪጨርስ።